በእግሯ የመጣችው ድኩላ

ደን ዳር ባለች መንደር፣ እሁድ ረፋድ፤ የልጃቸው እጮኛ ወላጆች ለመጀመሪያ ጊዜ ምሳ ሊመጡ ነው። ሙሉሰው ደም የሚያንጠባጥብ ማዳበሪያ ተሸክሞ ቆሟል፤ ሚስቱ ይታክቱ የማድ ቤቱን በር ዘግታ አላሳልፍ ብላዋለች።

ይታክቱ፦ አይገባም አልኩህ! ከደጃፌ ዞር በል!

ሙሉሰው፦ ሥጋ ነው እኮ፣ እባብ አላመጣሁብሽ። እንግዶቹ ሊደርሱ ነው፣ ድስቱን ጣጂ።

ይታክቱ፦ ዶሮ አምጣ ብልህ ድኩላ ይዘህ መጣህ። ማን አድኖ ሰጠህ?

ሙሉሰው፦ ማንም። ራሷ መጣች።

ይታክቱ፦ ራሷ?

ሙሉሰው፦ በእግሯ! ጎመኑ መሃል መጥታ ቆመች። ባጨበጭብ አትደነግጥ፣ ብጮህ አትሸሽ። ዓይን ዓይኔን ታየኛለች፣ እንደ ዘመድ። እኔም በስመ አብ ብዬ ባረኳት።

ይታክቱ፦ ድኩላ ሰው አይታ ካልሸሸች እኮ ታማለች!

ሙሉሰው፦ ጨዋ ሆና ነዋ። አመጣጧም ቀስ ብላ፣ ግራ ቀኝ እያለች…

ይታክቱ፦ እየተንገዳገደች?

ሙሉሰው፦ እኔስ የተሽኮረመመች ነው የመሰለኝ።

ይታክቱ፦ እመቤቴ ድረሺ! ጆሮዋስ?

ሙሉሰው፦ ወድቋል። ትሕትና ነው።

ይታክቱ፦ አፏስ?

ሙሉሰው፦ አፏማ ደህና ነው። ስታመሰኳ ነው ያገኘኋት። የሚያመሰኳ ደግሞ ይበላል፤ ቄሱን ጠይቂ።

ይታክቱ፦ ምኑን ነበር የምታመሰኳው?

ሙሉሰው፦ እንጃ፣ ነጭ ነገር ነው። አረፋ አረፋ ይላል፣ እስከ ደረቷ ይዝረበረባል።

ይታክቱ፦ አንተ ሰው! እሱ ማመስኳት ነው? አብዳ ነው እንጂ!

ሙሉሰው፦ ያበደ ይናከሳል። እሷ እኔን አልነካችኝም፤ አጥሩን ብቻ ነው የነከሰችው።

ይታክቱ፦ አጥሩን?!

ሙሉሰው፦ ትንሽ።

ይታክቱ፦ እስቲ ክፈተው፣ ከሩቅ ልየው… ኧረ ደሙ! ምን አጠቆረው?

ሙሉሰው፦ ጥላ ላይ ሆነሽ እያየሽው ነዋ።

ይታክቱ፦ ሽታውስ?

ሙሉሰው፦ በርበሬና ነጭ ሽንኩርት ሲገባበት ይጠፋል።

ይታክቱ፦ ሽታው ይጠፋል፣ በሽታው ይቀራል። ለውሻው ሰጥተኸዋል?

ሙሉሰው፦ ጣል አደረግሁለት። አሸተተና አጥር ዘሎ ሄደ። ጠግቦ ነው።

ይታክቱ፦ የኛ ውሻ? ትናንት ጫማህን የበላው?

ሙሉሰው፦ ለዚያ ነዋ የጠገበው! ስሚኝ እንጂ፤ እነሱ ቤት ስንሄድ ሙክት አርደው ነው የተቀበሉን። እኛ ሽሮ ስናቀርብ ምን ይሉናል?

ይታክቱ፦ ሽሮ በልተው ይሙን፤ ድኩላዋን በልተው ካለቁ የሚያማንም አይተርፍም። ልጅህን ማን ያገባልሃል?

ሙሉሰው፦ …እሺ። ምን ላርገው?

ይታክቱ፦ ያን አካፋ አንሳና ጓሮ ወስደህ፣ ጥልቅ ቆፍረህ ቅበረው።

ሙሉሰው፦ ቆዳውንም?

ይታክቱ፦ ቆዳውንም።

ሙሉሰው፦ ጭንቅላቷንስ? ለሾርባ እኮ…

ይታክቱ፦ ጭንቅላቷንም፣ ሳንባዋንም፣ ጉበቷንም፣ አንድ ሳታስቀር!

ሙሉሰው፦ ጉበቷን እንኳ አስቀድሜ ቀብሬዋለሁ።

ይታክቱ፦ ጎሽ! የት?

ሙሉሰው፦ በሚጥሚጣ አድርጌ… እዚሁ ሆዴ ውስጥ።

ይታክቱ፦ አካፋውን ጣልና ጫማህን አድርግ! ጤና ጣቢያ ነው የምንሄደው። እንግዶቹም እዚያው መጥተው ይጠይቁህ፤ በሽተኛ ጠያቂ እንደሆነ ምግቡን ይዞ ነው የሚመጣው።