ቁልፍ የሌለው የባትሪ ቤት

እንደምን አደርሽ፣ እህት ዓለም? አትነሺ፣ በሞቴ ተቀመጪ። ለሱሪ ነው የመጣሁት። ንብረት ክፍሉ በአንቺ እጅ ከገባ ወዲህ እኮ ጠይቆ ባዶ እጁን የሚመለስ የለም። በሩን ልዝጋው እንዴ? ተይው፣ ይናፈስ። በጎን ካለው ቢሮ ወንበር ሲንቋቋ ሰማሁ... ይንቋቋ። እኛ ምን የሚደበቅ ነገር እናወራለን?

ይኸውልሽ፣ ዳሌው ላይ ተተርትሯል። ዳሌው የኔ ነው፣ አልክድም። ቅዱ ግን የሌላ ሰው ሥራ ነው። የማን እንደሆነ አልነግርሽም፤ ስም ማንሳት ምን ያደርጋል? አንድ የተማሩ ሰው ናቸው በይው። በየመሥሪያ ቤቱ እንዲህ ያለ ሰው አንድ አይጠፋም... ሁለት ሲሆን ነው ችግሩ።

እኚህ ሰው፣ ቀን ከፀሐይ የተሰበሰበው ኃይል ለሌሊት የሚቀመጥበት የባትሪ ቤት አሠሩ። ይህን ማን ይነፍጋቸዋል? ክሊኒኩ እንኳ የክትባት ማቀዝቀዣውን ሌሊቱን ሙሉ የሚያሠራው በእሱ ነው። በሩን ደግሞ ብታዪው! ቁልፍ የለው፣ ቀዳዳ የለው... የእሳቸው አውራ ጣት ሲያርፍበት ብቻ የሚከፈት። መቆለፊያው ኃይል የሚያገኘው ከየት ነው? ውስጥ ካሉት ባትሪዎች። እንዴት ያለ ጭንቅላት ነው! እኔ ሽቦ ቀጣይዋ ባልተማረ አፌ፣ ለክፉ ቀን አንድ ተራ ቁልፍ ይኑረው ብዬ ነበር። ሳቁ። ቁልፍ የድሮ ሰው ነገር ነው አሉኝ። እውነታቸውን ነው። አንድ ዓይን ያለው በአፈር አይጫወትም ይላሉ እንጂ፣ ስለ አንድ በር ያለው ማን ምን አለ? የአየር መስኮቷንም አቧራ ታስገባለች ብለው ሊያስደፍኗት ነበር። ግንበኛው ሲሚንቶ አልቆበት ነው የተረፈችው።

ባለፈው ሳምንት ሦስት ቀን ደመና ሆነ አይደል? ባትሪዎቹ ጨርሰው ሳይሞቱ ራሳቸውን አጠፉ። ባትሪ አስተዋይ ነው፣ አቅሙን ያውቃል... ሁሉም እንደ ባትሪ ቢሆን! ጄኔሬተሩ ደጅ ቆሟል፤ እሱን የሚያገናኘው ማብሪያ የት ነው? ውስጥ ነዋ።

ሰውየው በሙሉ ልብስ መጡና አውራ ጣታቸውን አሳረፉ። ዝም። በሱሪያቸው ጠርገው ደገሙ። ዝም። እፍ ብለውበት በግራው ሞከሩ... ሩብ ሰዓት ሙሉ! እንዲህ ያለ ትዕግሥት የት ይገኛል? ነርሷ እየሮጠች መጥታ ማቀዝቀዣው መሞቅ ጀምሯል፣ ክትባቱ ሊበላሽብኝ ነው አለች። እሳቸው ጣታቸውን አላነሱም። ጽናት ማለት ይኼ አይደል?

እኔ በሳቅ ልሞት ነበር። ከነርሷ ኋላ ግን ለክትባት የመጣች አንዲት እናት ልጇን አዝላ ቆማለች። ልጁ ተኝቷል። እሱን ሳይ ሳቄ ጠፋ። ጄኔሬተሩን አስነሥቼ፣ መሰላል አስመጣሁና በዚያች መስኮት ገባሁ። እንዴት ገባሽ አትበይኝ። ዳሌዬ ሲቀረቀር ሁለት ዘበኞች ከኋላ ገፉኝ፤ የሱሪው ቁራጭ እዚያው ቀረ፣ እኔ ገባሁ። ማብሪያውን ስጫነው በሩ ጠቅ ብሎ ተከፈተ። የእሳቸው ጣት አሁንም እዚያው ላይ ነበራ! ዞር ብለው ለነርሷ ምን ቢሉ ጥሩ ነው?

"አየሽ፣ ይሠራል።"

ክትባቱ ተረፈ፣ ተመስገን። ሪፖርቱንስ አነበብሽው? በኃላፊው አሻራ ተከፈተ ይላል። አልዋሹም እኮ! ሥራ ለሠሪው፣ እሾህ ላጣሪው... ሪፖርት ደግሞ ውጭ ለቆመው።

እሱ የያዝሽው ወረቀት የሁለተኛው ባትሪ ቤት ግዥ ነው? እስቲ... ይኸው፣ መቆለፊያ፣ በጣት አሻራ። መስኮቷም ተሰርዛለች! ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው ይባላል። እዚህ ግን መከራም መጥቶ፣ በሩ አልከፈት ብሎት ነው መሰለኝ የተመለሰው። እኔ ምን አገባኝ፣ የመጣሁት ለሱሪ ነው። ብቻ ከታች አንዲት ባዶ መስመር አለች... ተራ ቁልፍ፣ ሁለት ፍሬ ቢባልባት ማን ይጎዳል? የሚቀጥለው ደመና ሲመጣ ያ ልጅ ደግሞ ለሁለተኛው ክትባቱ ይመጣል። እኔ ደግሞ እየከሳሁ አልሄድኩም።

ምነው፣ ወንበሩ ዝም አለ?

እንደው ለእኚያ ሰው ግን ክፉ አልመኝም። ዕድሜና ጤና ይስጣቸው፣ ከዚህም በላይ ከፍ ያድርጋቸው። እግዜር የተዘጋ በር ሁሉ ይክፈትላቸው፤ እስኪከፍትላቸው ድረስም በመስኮት የሚገባላቸው ሰው አያሳጣቸው። አሜን በይ እንጂ... ጮክ ብለሽ።