የጋሽ ዲኖ እግርና የወንበር ላይ ስፖርት

ቡራዩ ውስጥ ታክሲ ተራው አጠገብ ልብስ ሰፊ የሆኑት ጋሽ ዲኖ አንድ ማለዳ ከሚኒባስ ወርደው ወደ ሱቃቸው ሲያዘግሙ፣ አንዲት ወጣት ከኋላ ሮጣ ደረሰችባቸው። በእጇ የያዘችው የእሳቸውን ነጠላ ጫማ ነበር። ለካ ግራ እግራቸው ባዶውን ኮረኮንቹን ሲረግጥ አልታወቃቸውም።

ወጣቷ ትህትና ትባላለች፤ ፊዚዮቴራፒስት ናት። የስኳር በሽታ ይኖርባቸው እንደሆነ ጠየቀቻቸው። ስምንት ዓመት እንደሆናቸው፣ አምና ጣታቸው ቆስሎ በስንት መከራ እንደዳነ፣ ከዚያ ወዲህ ለእግራቸው ሲሳሱ ከወንበር እንደማይነሱ፣ ስኳሩ ግን አልወርድ እንዳላቸው ነገሯት።

ሱቅ ሲደርሱ ክርክሩ ጦፈ።

«እግሩን ለታመመ ሰው የሚበጀው እረፍት ነው፤ ስፖርት የጎረምሳ ነው፣ ልጄ» አሉ።

«ጋሼ፣ ስኳሩን አልወርድ ካሰኙት ነገሮች አንዱ መቀመጥዎ ነው። ከፍ ያለ ስኳር ደግሞ የእግርን ነርቭ ያደነዝዛል። ስፖርት ሲባል ሩጫ ብቻ አይደለም። ለመሆኑ የውስጥ እግርዎን አይተውት ያውቃሉ?»

ጎንበስ ማለት ስለማይሆንላቸው፣ ደንበኞች ልብስ የሚለኩበትን መስታወት ወለሉ ላይ አጋደመችላቸው። ጋሽ ዲኖ ጫማቸውን አውልቀው ቀኝ እግራቸውን ከፍ አድርገው ሲያዩ ክው አሉ። ነጠላ ጫማውን በስቶ ያለፈ ስባሪ የስፌት መርፌ ተረከዛቸው ውስጥ ተሰክቷል። መቼ እንደገባ አያውቁም። አንድም ቀን አላመማቸውም።

ትህትና መርፌውን ሳትነካ ክሊኒክ ወሰደቻቸው። እዚያ መርፌው ወጣላቸውና ቁስሉ እስኪድን እንዳይራመዱ ተነገራቸው፤ ቁጭ ብለው የሚሠሩትን ግን እሷ አሳየቻቸው። እጅን ወደ ላይ ማንሳት፣ ጉልበትን መዘርጋትና ማጠፍ፣ ሱሪ ወገብ ውስጥ የሚገባውን ላስቲክ በሁለት እጅ መለጠጥ።

«እጁን የሚያወናጭፍ ሽማግሌ ሲያዩ ሰዎች አይስቁብኝም?» አሉ እያቅማሙ።

«ይሳቁ። ልብስ ሊያሰፋ የመጣ ሰው ስቆ ቢሄድ ምን ይጎድልብዎታል?»

ይሄ መልስ ረታቸው። ጎረቤታቸው ኦቦ ጃለታ ሳምንቱን ሙሉ ሲስቁ ከረሙ፤ በሁለተኛው ሳምንት ግን ወገባቸውን እንደሚያማቸው ተናግረው ለራሳቸውም ላስቲክ አስቆረጡ።

ቁስሉ ድኖ ሐኪሙ ሲፈቅድላቸው መራመድ ጀመሩ፤ መጀመሪያ አሥር ደቂቃ፣ ኋላ ግማሽ ሰዓት። ነጠላ ጫማ ቀረ። ከፊቱ ሰፋ ያለ ሽፍን ጫማ ከጥጥ ካልሲ ጋር ያደርጋሉ፤ ከማጥለቃቸው በፊት እጃቸውን ከተው ውስጡን ይዳብሳሉ። ሳይወጡ ስኳራቸውን ይለካሉ፤ ድንገት ቢወርድባቸው ብለው ኪሳቸው ከረሜላ ይይዛሉ። ማታ ማታ ባለቤታቸው ወይዘሮ ራቢአ እግራቸውን ያዩላቸዋል፤ ቅላት ወይም ውኃ የቋጠረ ነገር ካገኙ በማግስቱ ከወንበር መነሳት የለም።

በአራተኛው ወር ስኳራቸው ወረደ፤ እንቅልፋቸው ተስተካከለ። ድንዛዜው ጨርሶ አልለቀቃቸውም፤ ቁስል ግን አልተመለሰም።

ልጃቸው ሲድራ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ትኖራለች። ቤት ከገባች ዓመት ቢሞላትም አባቷ አንድም ቀን ወጥተው አያውቁም ነበር። አንድ እሑድ በየፎቁ እያረፉ ወጡና በሯን አንኳኩ። ሲድራ ከፍታ ስታያቸው ደንግጣ ወደ ደረጃው አንገቷን አሰገገች።

«አባዬ፣ ማን ደግፎ አወጣዎት?»

«እነዚሁ እግሮቼ» አሉና አልፈዋት ገቡ።