ካምቢዮውን ያስገባው መፈክር

የሁሩታው ጎረቤቴ ኦቦ ገመቹ ነገ ልጃቸውን ሊድሩ፣ ሙሽራዋን ከአዳማ የሚያመጣው አሮጌ ፒካፕ ፍሪሲዮኑ ተቃጥሎ ግቢያቸው ውስጥ አይቆምላቸው መሰላችሁ! መለዋወጫው በእጃቸው አለ፣ መካኒክ ግን የለም። «እኔ እቀይረዋለሁ፣ አይጨነቁ!» አልኳቸው። መኪና ፈትቼ የማውቀው በህልሜ ነው። ፍሪሲዮኑንስ ቀየርኩት፤ ለዚያ ብዬ ያወረድኩትን ዝሆን የሚያህል ካምቢዮ መልሼ ልግጠም ብል ግን አልገባ አለኝ። ስድስት ጎረቤቶች በጋቢናው ወለል ቀዳዳ አሾልከን በግራር ቅርንጫፍ ላይ ባዞርነው ገመድ አንጠልጥለው ይዘውታል፤ እኔ ከሥሩ ተንጋልዬ እገፋለሁ። ጣት በምታህል ከፍ ብሎ እምቢ አለ!

«ያለ ፈቃድ የምን ስብሰባ ነው?» የሚል ድምፅ ሰማሁ። የቀበሌያችን ሊቀመንበር! መልስ ሳይጠብቅ ግራ እጁን አንሥቶ «እናት አገር ወይም ሞት!» አለ። ጎረቤቶቼ እንደለመዱት ስድስቱም ግራ እጃቸውን ወደ ሰማይ! በቀኝ እጃቸው ብቻ የቀረው ገመድ ላላ። ሞቱ ለእኔ ደረሰኝ ብዬ ዓይኔን ስጨፍን፣ ካምቢዮው ጣት ታህል ዝቅ አለና ግማሹ ቀጭ ብሎ ገባ።

«ይደገም፣ ጓድ!» ብዬ ጮህኩ።

«ማነው እሱ?»

«እኔ ነኝ፣ ከመኪናው ሥር! በኃይል ይደገም!»

ደገመው። ቀጭ!

ሙሽራዋ በማግስቱ በሰዓቷ መጣች፤ ኦቦ ገመቹ ግንባሬን ሳሙኝ። ሊቀመንበሩ ደግሞ «መኪና ሥር ተኝቶ እንኳ መፈክር የሚርበው ሰው አገኘሁ» ብሎ የቀበሌው መፈክር አሰሚ አድርጎ ሾመኝ። እስኪ አሁን፣ ካምቢዮ ልገጥም ነበር ብል ማን ያምነኛል?