የታቬቲ ጭንና ሁለተኛው ዘፈን

ሐምሌ አጋማሽ ላይ፣ እኛ ፊንላንድ ውስጥ በጋ በሆነበት ወር፣ ጆሮዬን ላስጠርግ ወደ ጤና ጣቢያችን ሄጄ፣ በሩ አጠገብ ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ ታቬቲን ተቀምጦ አገኘሁት። ታቬቲ የስድሳ ዘጠኝ ዓመት ሰው ነው፤ ሚስቱ ከሞተች ስድስት ዓመት ሆኗል፤ ከሐይቁ ማዶ ብቻውን ይኖራል። እኔ ጡረታ የወጣሁ አስተማሪ ነኝ፤ እሱን ከልጅነታችን ጀምሮ አውቀዋለሁ።

«ምን እግር ጣለህ?» አልኩት።

«የደም ግፊት ኪኒን ልወስድ ነው። ለሌላ አይደለም።»

ሰው ሳይጠየቅ «ለሌላ አይደለም» ካለ ሌላ ነገር አለ ማለት ነው። የታቬቲን ነገር ደግሞ መንደሩ ሁሉ ያውቀዋል። ሰኔ ላይ በተከበረው የበጋ እኩሌታ በዓል፣ ከልጆቹ እኩዮች ጋር ካልሮጥኩ ብሎ ሮጠ፤ ግማሽ መንገድ ላይ የቀኝ ጭኑ ከኋላ በኩል ቀጭ አለና ሣሩ ላይ ተዘረጋ። እኛ ፊንላንዶች «ሳውና፣ ቅጥራንና አረቄ ያላዳኑት በሽታ ገዳይ ነው» የሚል ተረት አለን፤ ተረቱን ያመነ ሰው ደግሞ ሐኪም አይፈልግም። የሟች ሚስቱ ወንድም ኦርቮ ራሱን የሾመ ወጌሻ ነው። ታቬቲን ደግፎ በቀጥታ ወደ ሳውና፣ ወደ እንፋሎት መታጠቢያው ቤት፣ አስገባው፤ የጋለው ድንጋይ ላይ ውኃ እየደፋ፣ የተጎዳውን ጭን እንደ ሳውና ወጉ በለጋ ቅጠል እስር ገረፈው፣ በክርኑ አሸው፣ ሲጨርስ አረቄ አጠጣው። በማግስቱ እግሩ ከቂጡ እስከ ጉልበቱ ጠቁሮ አደረ።

ከዚያ በኋላ ሁለት ሳምንት ተጋደመ። ሕመሙ ሲቀልለት «ድኛለሁ» ብሎ ቅዳሜ ዳንስ ወጣ። በሐይቁ ዳር ባለው የዳንስ አዳራሻችን አንድ ወንድ አንዲት ሴት ካስነሳ ሁለት ዘፈን አብረው ይደንሳሉ፤ በአንድ ዘፈን ብቻ መለያየት «አስጠልተሽኛል» ከማለት አይተናነስም። ታቬቲ ሦስት በጋ አብራው የደነሰችውን ኤይላን አስነሳ፤ እሷም እንደሱ የትዳር ጓደኛዋ የሞተባት፣ ዳቦ ቤት ያላት ሴት ናት። የመጀመሪያው ዘፈን ሲያልቅ ጭኑ እንደገና ወጋው። አመመኝ ማለት ስላሳፈረው ቃል ሳይተነፍስ መሀል ወለል ላይ ትቷት ወጣ። ከዚያ ቀን ወዲህ ኤይላ ስልኩን አታነሳም።

ይህን ሁሉ በልቤ ሳመላልስ ነጭ ጫማ ያደረገች ወጣት ከውስጥ ወጣች። የመንደራችን ሰው የሬይኖ ልጅ ፒህላ ናት፤ ፊዚዮቴራፒ፣ የተጎዳን አካል በእንቅስቃሴ ማከም፣ ተምራ ባለፈው ዓመት ወደ አገሯ ተመልሳለች።

«ጋሽ ታቬቲ፣ እንደምን ዋሉ? እስቲ እጅዎን ሳይደገፉ ከወንበሩ ይነሱልኝ።»

«ማን መሆንሽን አውቄያለሁ» አላት ሳይነሳ። «የአራት ዓመት ልጅ ሳለሽ ጀልባዬ ላይ አስታውከሽብኛል።»

«አስታውሳለሁ፤ አሣው ሸትቶ ነበር። አሁን ይነሱ።»

ለመነሳት ሞከረ። ግማሽ ላይ ሲደርስ እጁ ሳያስበው ወንበሩን ጨበጠ።

«ኦርቮ በሚገባ አክሞኛል» አለ ፊቱ ቀልቶ።

«ጋሽ ኦርቮን አከብራቸዋለሁ፤ ጀልባ ሲጠግኑ የሚወዳደራቸው የለም። የጭን ጡንቻ ግን ጀልባ አይደለም። ጡንቻው ሲቀደድ ውስጡ ይደማል። የሚደማን ነገር በእንፋሎት ካሞቁት፣ ገርፈው ካሹት፣ አረቄም ከጨመሩበት ደሙ ይብሳል። ያ ጥቁረት ከዚያ የመጣ ነው። ለመጀመሪያዎቹ ቀናት ጠበቅ አድርጎ መጠቅለል፣ እግሩን ከፍ ማድረግ፣ በቀስታ ማንቀሳቀስ ይበቃ ነበር።»

«እሺ፣ እሱስ አለፈ። ሁለት ሳምንት ግን አሳርፌዋለሁ። ዕረፍት መድኃኒት አይደለም እንዴ?»

«ለሁለት ሦስት ቀን ነው። ከዚያ በኋላ የተኛ ጡንቻ ይደክማል፤ የተቀደደውም ቦታ ያለ ሥራ ሲጠግግ ድርቅ ይላል። ሕመሙ ጠፋ ማለት ኃይሉ ተመለሰ ማለት አይደለም። እርስዎ ሕመሙ ሲጠፋ ደነሱ፤ ጡንቻው ግን ገና አልደረሰም ነበር።»

ታቬቲ ወደኔ ዞረ። «መምህር፣ ትሰማለህ? ገና ትናንት የተወለደች ስለ ሥጋዬ ታስተምረኛለች። ምን አድርግ ልትለኝ ነው?»

«ወለል ላይ ተጋድመው ጉልበትዎን አጥፈው ወገብዎን ያነሳሉ፤ ቀስ ብለው ያወርዳሉ። ከወንበር ይነሳሉ፣ ይቀመጣሉ። በየቀኑ ይራመዳሉ። በየሳምንቱ ትንሽ እንጨምራለን።»

«እንደ ሕፃን ወገቤን ላነሳ! እንጨት እፈልጣለሁ፣ ጀልባ እቀዝፋለሁ፤ ይህ እንቅስቃሴ አይደለም?»

«ነው፤ እንጨት ሲፈልጡ ግን ግራ እግርዎ ላይ ነው የሚቆሙት። ባለፈው ሳምንት በመንገድ ሳልፍ አይቻለሁ። ደህናው እግር ይሠራል፤ የታመመው ተቀምጦ ይቀለባል።»

እኔ ሳቄ አመለጠኝ፤ ታቬቲ ግን አልሳቀም።

«አባቴም ጫካ ውስጥ ግንድ ጭኑን መትቶት ነበር» አለ በቁጣ። «ሳውና ገባ፣ ተኛ፣ ተነሳ። ሐኪም የሚባል አላየም። ሰማንያ አንድ ዓመት ኖረ።»

እስካሁን ዝም ያልኩት የሰው ክርክር ውስጥ መግባት ስለማልወድ ነበር። አሁን ግን ዝምታዬ ራሱ ውሸት ሆነብኝ።

«ታቬቲ፣» አልኩት፣ «አባትህ ያነክስ ነበር።»

«አካሄዱ ነው እንጂ!»

«አካሄዱ አልነበረም። የኔ አባት ግንዱ ሳይመታው በፊት ያውቀው ነበር፤ በዚህ አገር የሚቀድመው ዳንሰኛ አልነበረም ይል ነበር። አንተ አባትህ ሲደንስ አይተህ ታውቃለህ?»

ታቬቲን ያሸነፈው የፒህላ ትምህርት ሳይሆን ይህ ጥያቄ እንደነበረ እርግጠኛ ነኝ። አዘንኩለት፤ በመናገሬ ግን አልተጸጸትኩም።

«የበጋው መዝጊያ ዳንስ ስድስት ሳምንት ቀርቶታል» አለ በመጨረሻ፣ ለፒህላ። «ሁለት ዘፈን መቆም እፈልጋለሁ። ሁለት ብቻ።»

«ቃል አልገባም» አለችው። «አንድ ቀን ሳይዘሉ ከሠሩ ግን ይበቃዎታል ብዬ አስባለሁ። መጠነኛ ሕመም ቢሰማዎ አይፍሩ፤ የሚወጋ ከሆነ ያቁሙ። ማክሰኞ ይምጡ።»

ማክሰኞ ሄደ። በሦስተኛው ሳምንት ቀለለኝ ብሎ ደረጃ ሊሮጥ ሲሞክር ወጋውና አንድ ሳምንት ወደ ኋላ ተመለሰ። ፒህላ አልተቆጣችውም፤ «አሁን ከኔ ይልቅ ጭንዎ ነገረዎት» ብላ ካቆመችበት ቀጠለች። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንደሚባለው፣ ነሐሴ ሲገባ በአንድ እግሩ ቆሞ ካልሲውን ያጠልቅ ጀመር። እንዲያውም አንድ ቀን ሳውና ውስጥ፣ ኦርቮ ወገቡን የተቀጨ ጎረቤት ሊገርፍ ቅጠሉን ሲያነሳ እጁን ያዘው።

«ተው ኦርቮ፤ ሳውናው ለደህና ሰው ነው። አዲስ ጉዳት ሙቀትና መታሸት አይወድም። ጥቂት ቀን ረጋ ይበል፣ ከዚያ በልክ ይንቀሳቀስ። እንደዚያ ያደረገ ሰው ቶሎ ወደ ሥራው ይመለሳል፣ ጉዳቱም አያገረሽበትም፣ እንደ አባቴም ዕድሜ ልኩን አያነክስም።»

«ሐኪም ሆነሃላ!» አለው ኦርቮ። ቅጠሉን ግን አስቀመጠ።

የመዝጊያው ቅዳሜ ደረሰ። ፀሐይዋ ገና ሐይቁ ላይ ነበረች። በዳንሳችን ሴቶች ወንዶችን የሚያስነሱበት ሰዓት አለ፤ ታቬቲ በወንዶቹ አግዳሚ ላይ ጉልበቱን ገጥሞ ተቀምጦ ጠበቀ። እሷን ሊያስነሳት አልደፈረም። ኤይላ ወለሉን አቋርጣ መጥታ ፊቱ ቆመች።

«ትነሳለህ ወይስ እንደ ሐምሌው ገትረኸኝ ትሄዳለህ?»

ታቬቲ እጁን ሳይደገፍ ተነሳ። ይህን ያስተዋልነው እኔና በር ላይ የቆመችው ፒህላ ብቻ ነን።

የመጀመሪያው ዘፈን አለቀ። ጥንዶቹ ሁሉ እንደ ደንቡ ሁለተኛውን ለመጠበቅ ባሉበት ቆሙ። እኔ ከአጠገባቸው ስለነበርኩ ንግግራቸውን ሰማሁ።

«ያን ጊዜ የጭኔ ጡንቻ ተቀድዶ ነበር» አላት። «ልነግርሽ አፍሬ ሸሸሁ።»

«እኔስ የጠላኸኝ መስሎኝ። ይህን ለማለት ሰባት ሳምንት ፈጀብህ?»

«መጀመሪያ ሁለት ዘፈን መቆም ነበረብኝ።»

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል። ታቬቲ ደግሞ በሽታውን በመደበቁ ሰውም ሊያጣ ነበር። ሁለተኛው ዘፈን ተጀመረ፤ እስከ መጨረሻው ደነሱ። ሲያበቃ እንደ ወጉ ክንዷን ይዞ ወደ ቦታዋ መለሳት። ኤይላ ስትቀመጥ በሁለት እጇ አግዳሚውን ተደግፋ ዝቅ አለች፤ ታቬቲ ይህን አየ።

«ምነው?» አላት።

«ጉልበቴ ነው» አለች ወለል ወለሉን እያየች። «ሦስት በጋ ሙሉ ደብቄህ ነው የደነስኩት።»

ታቬቲ አጠገቧ ተቀመጠ። «ማክሰኞ ጠዋት መጥቼ ፒህላ ጋ እወስድሻለሁ» አላት።