ጓሉ ይዞት የሚሄደው ወርቅ

የወንዙን ፍሰት ልለካ ወርጄ ሳለ፣ አንድ የወርቅ ጉድጓድ አፍ ላይ ሁለት ሰዎች ሲከራከሩ አገኘሁ። አንዱ ሠላሳ ዓመት ወርቅ ያጠቡ ሽማግሌ፣ ሌላዋ የማዕድን ትምህርቷን ጨርሳ የተመለሰች የወንድማቸው ልጅ ናት። ሽማግሌው ዶማቸውን በጆንያ ጠቅልለዋል፤ ሁለት ዓመት የለፉበት ጉድጓድ ወርቅ አልሰጥ ስላላቸው ጥለውት ሊሄዱ ነው።

«ደግ መጡ፣ ይፍረዱን!» አሉኝ። «ይህች ልጅ የጣልኩትን የጭቃ ጓል እንደገና እጠብ ትለኛለች።»

«አጎቴ፣ እርጥቡን ጭቃ በዶማ ቀጥቅጠው ወርቅ ማጠቢያው ቦይ ውስጥ ይለቁታል» አለች። «እሱም እየተንከባለለ ወርቁን ላዩ ላይ ለጥፎ ይወጣል።»

«ሌባ እሸኛለሁ ነው የምትይው?»

«ያውም ሻንጣውን ተሸክመው!»

ሳቄን ዋጥ አድርጌ ጉድጓዱ አጠገብ ከተጣለው ክምር አንድ ጓል ሰበርኩ። ውስጡ ንጹሕ ጭቃ ነው፤ ቆዳው ላይ ግን የቦዩ አሸዋ ተለጥፎበታል።

«ታዲያ ምን ላድርገው? ግትር ነው፣ ውሃ አይገባውም» አሉ።

«ግትርነት ለቤታችን አዲስ ነው እንዴ? ፀሐይ ላይ ስስ አድርገን እናስጣው። እስኪሰነጣጠቅ ከደረቀ በኋላ ውሃ ውስጥ ስንዘፈዝፈው ራሱ ይፈርሳል። ጭቃው ውስጥ የተጣበቀውን ጠጠር ደግሞ በመዶሻ እንከስክሰው።»

«አባቴ እንዲህ ያለ ነገር አላደረገም።»

«አያቴ ያጠቡት የወንዝ አሸዋ ነበር፤ ጭቃ መች ገጠማቸው?»

እኔም ከጉድጓዱ ሁለት ባልዲ እኩል እንዲወጣ፣ አንዱን ሽማግሌው፣ አንዱን እሷ በየመንገዳቸው እንዲያጥቡ ሐሳብ አቀረብኩ።

«ካልበለጠችኝ በማግስቱ እሄዳለሁ» አሉ።

በአራተኛው ቀን ተመለስኩ። የደረቀው ጭቃ ውሃ ሲነካው አረፋ እያወጣ ተናደ። ልጅቱ በእጇ አማስላ ድፍርሱን ደፋች፤ የከሰከሰችውንም ጠጠር ጨምራ አጠበች። በሽማግሌው ማጠቢያ ገበታ ሁለት ቅንጣት ወርቅ ነበር፤ በእሷ ገበታ አሥራ ሰባት ቆጠርኩ። እሳቸውም ቆጠሩ፤ ደግመው ቆጠሩ። ከዚያ ጆንያውን ፈቱ።

«ሊሄዱ አልነበረም?» አላቸው አንድ ጎረቤት ቆፋሪ።

«ጉድጓዴማ ጤነኛ ነው!» አሉ ደረታቸውን ነፍተው። «የታመመው አጠባዬ ነበር። ሐኪሟም ከቤቴ ወጣች፤ ያቻትልህ፣ የወንድሜ ልጅ!»

ዛሬ በዚያ ወንዝ ዳር አዲስ ጉድጓድ ከመቆፈሩ በፊት የጣለውን የማይመረምር የለም፤ ጉልበት ተርፏል፣ መሬቱም በከንቱ መቦርቦሩ ቀርቷል። ሽማግሌው ደግሞ ትናንት «ማን በወሰደልኝ!» ይሉት የነበረውን የጓል ክምር ዙሪያውን አጥረውታል።