የማክሰኞ ውሃ

(ፓስፊክ ውቅያኖስ ላይ፣ ከባሕር ወለል የመዳብ ድንጋይ እየፈጨች በምታወጣ መርከብ ውስጥ፤ ረፋድ ላይ የውሃ መርማሪዋ ዶክተር አስካለና የሞተር ክፍሉ መሐንዲስ ምንይችል በቤተ ሙከራው ውስጥ በር ዘግተው ይነጋገራሉ።)

ምንይችል፦ አንዷን ጠርሙስ ብቻ ነው የምለምንዎት፣ እትዬ አስካለ። የማክሰኞዋን ይድፉልኝ።

አስካለ፦ የት ልድፋት? ባሕር ውስጥ?

ምንይችል፦ ኧረ ቀልዱን ይተዉት።

አስካለ፦ አልቀለድኩም። በዚች ጠርሙስ ያለው መዳብ ከወትሮው አርባ እጥፍ ነው። የተቀዳችው ደግሞ ከመቶ ሃምሳ ሜትር ጥልቀት ነው፤ ዓሣው ከሚውልበት። እኛ የምንቆፍረው ሺህ ስድስት መቶ ሜትር ታች። ያ ሁሉ መዳብ በምን እግሩ ነው ሽቅብ የወጣው?

ምንይችል፦ ባሕር አይደል? ይናወጣል።

አስካለ፦ ለእኔ ነው ይህ፣ ምንይችል?

ምንይችል፦ ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል ሲባል አልሰሙም? ባይጎረጉሩስ?

አስካለ፦ ዘንዶውን ማን እንዳስገባው ንገረኝና እተዋለሁ።

ምንይችል፦ … የመመለሻው ፓምፕ ተበላሽቶ ነበር።

አስካለ፦ መቼ?

ምንይችል፦ ማክሰኞ ጠዋት። ድንጋዩን ካስቀረን በኋላ ቆሻሻ ውሃውን በረጅሙ ቧንቧ እታች፣ ወለሉ ድረስ መመለስ አለብን። ፓምፑ ቀጥ ሲል ካፒቴኑ "ቁፋሮው አይቆምም፤ በላይኛው ቫልቭ ልቀቀው" አለኝ። ለቀቅኩት።

አስካለ፦ ለስንት ሰዓት?

ምንይችል፦ ለዘጠኝ።

አስካለ፦ ዘጠኝ ሰዓት ሙሉ! መዝገቡ ላይስ?

ምንይችል፦ "ሁሉም ደህና" ብዬ ጻፍኩ። በዚህ በገዛ እጄ።

አስካለ፦ እኔም እኮ መዝገቡን አይቼ "ተመስገን" ብዬ ነበር።

ምንይችል፦ ግን እርስዎ ራስዎ አይደሉ እዚህ አጠገባችን ካለችው ደሴት ሰዎች ጋር በተሰበሰብን ጊዜ "ድንጋዩ ሲፈጭ አሲድ ቢወጣው እንኳ የባሕሩ ውሃ ያበርደዋል" ያሉት? ቫልቩን ስከፍት እሱን ነበር ለራሴ የምደጋግመው።

አስካለ፦ ብያለሁ። እውነትም ነው፤ አሲዱን ያበርደዋል። መዳቡን ግን አያጠፋውም። ድንጋዩ ካልተነካ ለዘመናት ዝም ብሎ ይተኛል። ስንፈጨው ኦክስጅን ያገኘዋል፤ እንደ ተፋቀ ብረት መዛግ ይጀምራል። ያኔ ነው መዳቡን ውሃው ውስጥ የሚለቀው። ዱቄቱም ቶሎ አይዘቅጥም፤ ሄዶ የዓሣው መተንፈሻ ላይ ይለጠፋል። ይህን ሁለተኛውን ግማሽ አልተናገርኩትም።

ምንይችል፦ ለምን?

አስካለ፦ አዳራሹ ሞልቶ ነበር። ከደሴቲቱ የመጡ አንዲት አሮጊት ብድግ ብለው "ልጄ፣ ዓሣችንን እንብላ?" አሉኝ። አለቆቼ ከኋላዬ ተደርድረዋል። "ውሃው እታች ከተመለሰ ብቻ" ማለት ነበረብኝ። "ይብሉ እማማ" ብዬ ተቀመጥኩ። እጄን ይዘው ሳሙት።

ምንይችል፦ እንግዲያ ሁለታችንም ያው ነን። እርስዎ ግማሹን ዋጡ፣ እኔ ግማሹን። የፈሰሰ አይታፈስ!

አስካለ፦ አይታፈስም፤ ግን እንዳይጠጣ ይነገራል። ጣና ላይ ቢሆን ቫልቩን ትከፍተው ነበር?

ምንይችል፦ ጣናን አያንሱብኝ።

አስካለ፦ ለምን አላነሳም?

ምንይችል፦ አባቴ ከዚያ ውሃ ዓሣ እያወጣ ነው ያሳደገኝ።

አስካለ፦ እነዚህም ሰዎች ልጆች አሏቸው።

ምንይችል፦ … አውቃለሁ። ዛሬ ጠዋት አይቻቸዋለሁ።

አስካለ፦ የት?

ምንይችል፦ እዚሁ፣ መርከቡ ሥር። በሁለት ጀልባ መጡ። ሞቶ የተንሳፈፈውን ዓሣ ያለ መረብ በእጃቸው ይለቅማሉ። ሲሳይ መስሏቸው ይዘፍናሉ። ለእኛም አንድ ባልዲ ሞልተው በገመድ ላኩልን።

አስካለ፦ ባልዲው የት አለ?

ምንይችል፦ ደፋሁት። ወጥ ቤት ሳይገባ ደፋሁት።

አስካለ፦ ለእነሱስ ምን አልካቸው?

ምንይችል፦ እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ አመሰገንኳቸው።

አስካለ፦ የእኛን ደፍተህ የእነሱን መረቅህላቸው?

ምንይችል፦ ካፒቴኑ አጠገቤ ቆሞ ነበር፣ እትዬ! ጀልባዎቹ እስኪርቁ ድረስ አሁን እጠራቸዋለሁ፣ አሁን እጠራቸዋለሁ እያልኩ ቆሜ ቀረሁ።

አስካለ፦ በል ስማኝ። ዓሣው በምን እንደሞተ ገና አላውቅም። በሌላ ነገርም ሊሆን ይችላል። እስካውቅ ግን ማንም አይበላውም። አሁኑኑ ደሴቲቱን በሬዲዮ እጠራለሁ፤ በስብሰባው የዋጥኩትንም እናገራለሁ። አንተን አላነሳህም። ውሃው በየት እንደወጣ አላውቅም እላለሁ።

ምንይችል፦ አያምኑዎትም። በየት፣ ስንት ሰዓት ብለው ሲጠይቁ ምን ይመልሳሉ?

አስካለ፦ እሱን ለእኔ ተወው። አንተ ገና ወጣት ነህ፤ ስምህ ከተነሳ ዳግመኛ መርከብ ላይ የሚቀጥርህ አይኖርም።

ምንይችል፦ አሁን ስንት ሰዓት ነው?

አስካለ፦ አምስት ተኩል።

ምንይችል፦ ምሳ ሳያቀርቡ እንድረስባቸው። ሬዲዮውን ያቀብሉኝ፣ እትዬ፤ ቫልቩን የከፈትኩት እኔ ነኝ።