የብልጭታ እናት ከአስር ስንት ታገኛለች

እሁድ ከሰዓት በኋላ፣ «ብልጭታ ክፍል ሁለት» የተባለውን ፊልም ሲኒማ አይተው የወጡት ወይዘሮ አስካለ እና የአስረኛ ክፍል ተማሪ ልጃቸው ሶልያና የታክሲ ሰልፍ ላይ ናቸው፤ ሶልያና ነገ በትምህርት ቤቷ ሚኒ ሚዲያ የምታነበውን የፊልም ግምገማ ደብተሯ ላይ ትጽፋለች፤ እናቷ የከለከሏትን የሀዋሳ ጉዞ ግን ሁለቱም እስካሁን አላነሱትም።

ሶልያና፦ አራት አይባልም እማዬ። ከአስር አራት የሚሰጠው መሃል ላይ መብራት ሲጠፋ ነው።

አስካለ፦ አራቱንም አዝኜለት ነው የሰጠሁት።

ሶልያና፦ ለማን?

አስካለ፦ ለልጁ፣ ለብልጭታ። ገና አስራ ስድስት ዓመቱ ነው። ሕንጻ ላይ ሲንጠለጠል ይውላል፣ በማግስቱ ፈተና አለው። አንድ ጊዜ እንኳ ምግብ ሲቀምስ አሳይተውናል?

ሶልያና፦ ጀግና ምሳ ሲበላ ለማየት ማን ሲኒማ ይገባል?

አስካለ፦ እኔ። ደግሞ ያ ሽማግሌው አጎቱ የት ገባ? ያ ከመርካቶ የሚመጣው፣ ጉልበቱን የሚያመው?

ሶልያና፦ የቱ አጎቱ? እማዬ፣ እሱ እኮ ፕሮፌሰሩ ነው። መርካቶውንም ጉልበቱንም የጨመረው ተርጓሚው ነው።

አስካለ፦ እንዴት አድርጎ ይጨምራል?

ሶልያና፦ ክፍል አንድን ቤት ያየነው በትርጉም ነዋ። ሰውዬው ከላይ በአማርኛ እየተናገረ፣ ዝም የሚባልበት ቦታ ሲያገኝ የራሱን ቀልድ ይከታል።

አስካለ፦ እኔ እኮ ዓመት ሙሉ ጉልበቱ ተሽሎት ይሆን እያልኩ ነበር።

ሶልያና፦ ይሄን ነገ አነበዋለሁ።

አስካለ፦ አንብቢውና ታያለሽ። ለማንኛውም የመጀመሪያው ይሻላል ብለሽ ጻፊ። ያኛው ይነገረኝ ነበር፤ የዛሬው እታች ጽፎ ራስሽ ድረሺበት ይላል።

ሶልያና፦ ስትደርሺበት ነበር እኮ። ከንፈርሽ ሲንቀሳቀስ አይቻለሁ።

አስካለ፦ የማታ ትምህርት መምህራችን ያገኛችሁትን ሁሉ አንብቡ ብለውናል። የሳሙናውንም፣ የመድኃኒቱንም ማሸጊያ። «ልጄ፣ ተጠንቀቅ» የሚለውን አንብቤ ቀና ስል ድልድዩ ፈርሷል።

ሶልያና፦ ምርጡን ቦታ አመለጠሽ።

አስካለ፦ ምርጡ እሱ ነበር። «ተጠንቀቅ»ን ሳልቆም ጨረስኩት።

ሶልያና፦ እሺ፣ እንደዚህ ልበል፤ ድብድቡ ዘጠኝ፣ ቀልዱ ሰባት፣ ሙዚቃው ስምንት።

አስካለ፦ እናትየዋስ?

ሶልያና፦ እናትየዋ ምን አላት? አራት ደቂቃ ነው የታየችው።

አስካለ፦ አራቱንም ደቂቃ ስልክ ስትደውል።

ሶልያና፦ አስራ ሰባት ጊዜ። ሲኒማው በሙሉ ሳቀ።

አስካለ፦ እኔ አልሳቅኩም።

ሶልያና፦ አውቃለሁ፣ አብረሻት ስትቆጥሪ ነበር።

አስካለ፦ ደግሞ ምንም የማይገባት ሴት አድርገዋታል። ልጇ በእሷ ስም ደብዳቤ ጽፎ ለትምህርት ቤቱ ሲሰጥ፣ እሷ ቁጭ ብላ ልብስ ታጥፋለች።

ሶልያና፦ እሷ ትንሽዬ ትዕይንት ናት። ግምገማው ውስጥ አትገባም።

አስካለ፦ ለምን አትገባም?

ሶልያና፦ የሚሰጡን ሦስት ደቂቃ ነው። ከዚያ ሰንደቅ ዓላማ ይሰቀላል።

አስካለ፦ ሰልፉ ሄዷል፣ ጠጋ በይ።

ሶልያና፦ ደግሞስ ልጁ ምን ያድርግ? ግድቡ ሊፈርስ ነው፣ እሷ መስኮቱን ትቆልፍበታለች። የት ነው የምትሄደው፣ ለምንድን ነው የምትሄደው ብላ አልጠየቀችውም።

አስካለ፦ ፈርታ ነዋ።

ሶልያና፦ ትፍራ። ግን መስኮቱን ስትቆልፈው በጣሪያ ወጣ። ጣሪያው ደግሞ ይብሳል፣ ያንሸራትታል።

አስካለ፦ አሁን የምታወሪኝ ስለ ብልጭታ ነው ስለ ሀዋሳ?

ሶልያና፦ ስለ ፊልሙ።

አስካለ፦ ያንን መንገድ አላውቀውም። ሾፌሩን አላውቀውም። ሦስት ቀን ሙሉ የት እንደምታድሪ አላውቅም። ለአንድ ኳስ ብዬ።

ሶልያና፦ የትምህርት ቤቶች የመረብ ኳስ ውድድር ነው። ለአጥቂዎቹ የማቀብለው እኔ ነኝ። እኔ ከቀረሁ የምትገባው ሄርሜላ ናት፤ እሷ ደግሞ ኳስ ሲመጣባት ዓይኗን ትጨፍናለች።

አስካለ፦ ሐሙስ ነው አይደል የምትሄዱት?

ሶልያና፦ የሚሄዱት።

አስካለ፦ ልጁ ያንን ደብዳቤ ሲጽፍ ግን ሁለት ጊዜ ሰርዞ እንደገና ሲጀምር አሳይተዋል። እሱን ወድጄለታለሁ። ለዚያ አንድ ጨምሪለት።

ሶልያና፦ እማዬ።

አስካለ፦ ወዬ።

ሶልያና፦ ቅጹን አርብ ዕለት አስገብቼዋለሁ።

አስካለ፦ የቱን ቅጽ?

ሶልያና፦ የወላጅ ፈቃዱን። አውራ ጣቴን የእስክሪብቶ ቀለም ቀባሁና ፊርማው ቦታ ላይ አተምኩበት። አንቺ ሁልጊዜ በአሻራ ስለሆነ የምትፈርሚው። ነገ ሄጄ አስመልሰዋለሁ። ለክፍል ኃላፊያችን ለቲቸር ግርማቸውም ራሴ እነግረዋለሁ።

አስካለ፦ ሁልጊዜ አልሽ? ባለፈው ወር ካርድሽን ስወስድ በምን ፈረምኩ?

ሶልያና፦ እኔ ውጪ ነበርኩ፣ አላየሁም።

አስካለ፦ በስሜ። ከነአባቴ ስም። ከኋላዬ ሰባት ወላጅ ተሰልፎ መምህር ግርማቸው እስክጨርስ ጠበቁኝ። ከዚያ ተነስተው ጨበጡኝ። እኚህ ሰውዬ አርብ ዕለት አሻራ ሲደርሳቸው ዝም ይላሉ?

ሶልያና፦ ደወሉልሽ።

አስካለ፦ አስጠሩኝ። ደግሞ የኔ አውራ ጣት ላይ የሽንኩርት ቢላዋ ጠባሳ አለ፣ ከዚህ እስከዚህ። ያንቺው ለስላሳ ነው፣ የሕፃን። አስራ አምስት ዓመት እጄን ይዘሽ አድገሽ አላየሽውም።

ሶልያና፦ ከአርብ ጀምሮ ታውቂያለሽ ማለት ነው? ፊልሙን እያወቅሽ ነው ያየሽው?

አስካለ፦ ራስሽ እስክትነግሪኝ ብዬ ነው። ዛሬም ባትነግሪኝ ክፍል ሦስት እስኪወጣ እጠብቅ ነበር።

ሶልያና፦ ቅጹስ? ተቀደደ?

አስካለ፦ ቦርሳዬ ውስጥ ነው። ይቅደዱትም ይፈርሙበትም እርስዎ ያውቃሉ ብለው ሰጡኝ። እስክሪብቶሽን አምጪ። ደብተርሽንም ያዢልኝ፣ ልደገፍበት።

ሶልያና፦ እማዬ፣ ታክሲው መጣ። ተራችን ነው።

አስካለ፦ ሌላ ይመጣል። ስሜን ስጽፍ አታዋክቢኝ። ጣሪያ ለጣሪያ ከምትሄጂብኝ በበር ውጪ።

ሶልያና፦ ለእናትየዋ ከአስር ስንት ልስጣት?

አስካለ፦ ለብልጭታ እናት የፈለግሽውን ስጫት። እሷ አስራ ሰባት ጊዜ ደውላ ቤቷ ቁጭ ብላለች። እኔ የምደውለው ሦስት ጊዜ ነው፤ ካላነሳሽ አራተኛውን የምደውለው ሀዋሳ መናኸሪያ ሆኜ ነው።